ድሪቶ አይደለም

ልጄ ነዒማ፣ አሰላሙ ዐለይኪ። አላህ ካለሽበት አገር በረዶም ከሰው ዓይንም ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አባትሽም ጉልበቱን ተሽሎት ሱቅ መዋል ጀምሯል።

እህትሽ ሁዳ የምሰፋውን የአልጋ ልብስ ፎቶ አንስታ ብትልክልሽ፣ «እማዬ ድሪቶ ለብሳ ልትተኛ ነው?» ብለሽ አለቀስሽ አሉ። ድሪቶ! ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስሸጥ ኖሬ ድሪቶ እሰፋለሁ? ድሪቶ ያገኙትን ቁራጭ ባገኙበት መጣፍ ነው። እኔ ከሱቃችን የተረፈውን አበባ አበባ ያለበት ጥጥ እኩል እኩል ቆርጬ፣ ከጥቁሩ ጀምሬ እየፈካ እየፈካ እስከ ነጩ እደረድራለሁ። አንዱ አበባ ከጎረቤቱ ከተጣላ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አይና አነሳዋለሁ። የባሮን ወንዝ ሲነጋ አይተሽው የለ? እንደሱ ነው።

ይባስ ብለሽ ብርድ ልብስ ልላክላት አልሽ! ለጋምቤላ! አንሶላ እንኳ ገፍፈን በምንተኛበት አገር! ይህን ሁሉ ለማን እንደምሰፋው አንዴ እንኳ አትጠይቂም?

በይ፣ አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ። እኔ የማውቀው በልጅነትሽ ስትሄጂ የነበረሽን ቁመት ነው። እባክሽ ተለክተሽ ላኪልኝ፤ እግርሽ ውጭ እንዳያድር።

እናትሽ ሀያቱ