ወደ በሩ የወጣው ዱካ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9 ቀን። ከማለዳ ጀምሮ ቀጭን ዝናብ ይጥላል። ቤት ያለነው አባባና እኔ ብቻ ነን፤ እሳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል።

ወንድምዓለም፣

ዘጠኝ ዓመት ዝም ብዬህ ከየት እንደምጀምር ስለ ጠፋኝ ከሥራዬ ልጀምር። አሁንም እዚያው ትያትር ቤት የልብስና የዕቃ ጠባቂ ነኝ። ሰሞኑን አንድ ጥንታዊ የግሪክ ተውኔት ለፊልም እየተቀረጸ ነው። የአዘጋጁ ነገር ግራ ያጋባል፤ ከንግግሩ ግማሹን አስወጥቶ መድረኩን በሙሉ ነጭ የጀሶ ዱቄት አለበሰው። ካሜራው ከጣሪያ ተሰቅሎ ቁልቁል ያያል። መብራት ሲበራ ዱቄቱ እንደ ጉም ይነሳና ተዋንያኑ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ፣ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ይምታታብኛል።

ታሪኩን የማውቀው በቁርጥራጭ ነው። ማንበብስ የተማርኩት ተዋንያን ኪስ ውስጥ ከሚረሷቸው ወረቀቶች አይደል? ያገኘሁት ገጽ፣ አንዲት እህት በአባቷ መቃብር አጠገብ የወንድሟን ዱካ አይታ ታውቀዋለች ይላል። ከዚያ በፊት ያለው ተቀዷል።

ትናንት አዘጋጁ "እትዬ፣ የወንድ ጫማ ፈልጊና ዱካውን ዱቄቱ ላይ አሳርፊልን" አለኝ። ያንተን አወጣሁ። አዎ፣ ጫማዎችህ አሁንም አሉ። ከአባባ ጋር የምትሠራበትን የአናጢ መጋዝ ጥለህ በነጠላ ጫማ የወጣህ ዕለት አባባ "ጫማውንም ጣይልኝ" ሲሉኝ፣ እሺ ብዬ ሥራ ቦታ ደበቅኳቸው። የግራው ተረከዝ እንደ ተበላ ነው። ጫፋቸው ላይ ጨርቅ ወትፌ ተጫማሁና በዱቄቱ ላይ ሄድኩ።

ካሜራማኑ ከላይ ሳቀ። "እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ወዴት ነው?"

ዞሬ አየሁ። ዱካው ከመድረኩ መቃብር ወደ በሩ ይወጣል።

"ወንድምየው እኮ ከስደት እየተመለሰ ነው" አለ አዘጋጁ። "አንቺ ሸኘሽው።"

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የመመለሱን ገጽ አላገኘሁትማ። የማውቀው አወጣጥህን ነው። ያን ቀን ከቤታችን በር ኋላ ቆሜ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ዱቄቱን በመጥረጊያ አስተካክዬ ከበሩ ወደ ውስጥ ደግሜ ሄድኩ። ተዋናይቷ እግሯን በዱካው ላይ አሳረፈች። ማታ ጫማዎቹን በካፖርቴ ሥር ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

በተውኔቱ አባትየው ሞቷል። የኛ አባት ገና መስኮት ሥር ናቸው፤ እጃቸው ግን መጋዝ መያዝ ትቷል።

መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ይጠብቅህ።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን ደግሞ ልንገርህ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጫማዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ደጃፉ ላይ አፍንጫቸውን ወደ ቤት አዙሬ አስቀመጥኳቸው። አባባ በምርኩዝ ወጡና ቆመው አዩ።

"የማን ናቸው?"

"ያውቋቸዋል" አልኩ።

የተበላውን ተረከዝ በምርኩዛቸው ነካ አደረጉ። "ዝናብ ይመታቸዋል። አስገቢያቸው።"

አስገባኋቸው። ከሳቸው ጫማ አጠገብ አኖርኳቸው። እጄን ታጠብኩ፣ ወረቀት አወጣሁ፣ ቀኑን ጻፍኩ።

ያንተው ጭምት፣
እህትህ