ስምንት ዓመት፣ ስምንት ወር

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

ባለሁለት ራሱ ማይክሮስኮፕ ዛሬ ተገጠመ። በሁለተኛው ራስ የምታየው ረምላ ናት።

ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። ሃያ ሦስት ስላይድ አብረን አየን። ስላይድ ቆርጦ ቀለም የሚያለብሰው ሲላስ ትሪውን ይዞ ገባና፣ «እንግዲህ ሆሳዕና ሁለት ፓቶሎጂስት አላት። ዶክተር ገነቴ፣ ማረፍ ነው!» አለ። ማረፍ... ማን ጠየቀ? አሥራ አንድ ዓመት ብቻዬን ሳነብ ደከመሽ ወይ ያለኝ የለም፣ እረፊ የሚለኝ ዛሬ ተገኘ።

ልጅቷ ፈጣን ናት። ጻፍኩት፣ ይበቃል።

መስከረም 8፣ ሐሙስ

የጉሮሮ ሐኪሙ አዶናይ አንድ ስላይድ እንደገና እንድናይ ላከ። ሙክታር ይባላል፣ የፎንቆ ገበያ የከብት ደላላ፣ አርባ ዓመቱ። ማንቁርቱ ላይ እብጠት አለ። ነሐሴ ላይ «ካንሰር አይደለም» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እያደገ ነው አሉ።

ረምላ ስላይዱን ብዙ አየች። እንዝርት የመሰሉ ሴሎች፣ እርስ በርስ የተጠላለፉ።

«ዶክተር፣ ሲከፋፈሉ የተያዙት አልበዙም?»

«ስምንት ዓመት የቆየ እብጠት ነው። ካንሰር ቢሆን ይሄን ያህል ይታገሠው ነበር?»

«ሳርኮማ ቢሆንስ?»

የጉሮሮ ካንሰር ከላይኛው ሽፋን ነው የሚነሳው። ከሥሩ ካለው ሥጋና ጅማት የሚነሳውን ሳርኮማ በአሥራ አንድ ዓመት አንድም አላየሁም። እሷ በሦስት ሳምንት ልታየው? ስላይዱን አነሳሁት። ገና እያየች ነበር።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ረምላ ኮሪደር ላይ ከሙክታር ጋር በሀዲይኛ ስታወራ ሰማሁ። ተሳሳቁ። እኔ የአንጋጫ ሰው ነኝ፣ ከምባትኛ እንጂ ሀዲይኛ አይሆንልኝም። እስከ ዛሬ «ዶክተር» ነኝ። እሷ ወዲያው «የእኛ ልጅ»።

ገብታ የምርመራ ፎርሙን ጠረጴዛዬ ላይ አደረገች። በእንግሊዝኛ «ከ2017 ጀምሮ» ይላል።

«ዶክተር፣ ያለፈው ጥር ነው የጀመረኝ ይላል። 2017 የእኛው ነው፣ የፈረንጅ አይደለም።»

ፎርሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዓመቱንም የፈረንጅ አድርጌ አነበብኩት። ስምንት ዓመት ሳይሆን ስምንት ወር...

አዶናይ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ጎበዝ!» አለ። እሷን።

የቀረው በሰም የተያዘውን ቁራጭ፣ ብሎኩን፣ ለልዩ ቀለም ምርመራ አዲስ አበባ መላክ ነው። «ከያሆዴ በኋላ እልከዋለሁ» አልኩ፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ከመስቀል ጋር ስለሚገጥም። አዲስ አበባ ለመስቀል አንድ ቀን ብቻ እንደሚዘጋ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ብሎኩ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

መስከረም 19፣ ሰኞ

ሙክታር መጣ። ሲተነፍስ ያፏጫል። «ያቺ የእኛ ልጅ የለችም?» አለ፣ በሹክሹክታ። ሌላ ድምፅ አልቀረውም።

«ምሳ ወጥታለች። ገበያ እንዴት ነው?»

«እኔ በጣት አሳያለሁ፣ ወንድሜ ይጮኻል። ቅዳሜ ወይፈኑን ጊደር ብሎ ጠራብኝ! ፎንቆ በሙሉ ሳቀብን።» እሱም ሊስቅ ሞከረ፣ ትንፋሹ አጠረው። ግድግዳ ይዞ ቆመ።

ሲወጣ ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። በማይክሮስኮፑ አሥር ዕይታ ውስጥ ሃያ ሁለት ሴል ሲከፋፈል ቆጠርኩ። ነሐሴ ላይ ሁለት ብዬ ጽፌያለሁ። ያየሁት አንዱን ጥግ ብቻ ነበር። ፎርሙን ቀድሜ አንብቤ ለመደምደም ቸኩዬ...

ብሎኩን ለሲላስ ሰጠሁት። «በነገው የመጀመሪያ መኪና ይሂድ።»

«ምነው ዶክተር፣ ከርሞ ከርሞ ዛሬ ቸኮለ?»

የመላኪያውን ወረቀት ፈርሜ ሰጠሁት።

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ውጤቱ መጣ። ሳርኮማ ነው።

የነሐሴውን ሪፖርት ሰርዤ አዲስ ጻፍኩ። «ያነበበችው ዶክተር ረምላ» ብዬ ሞላሁ። ስሟን ስጽፍ ያቃጥላል። አሁንም።

መስከረም 30፣ ዓርብ

ለረምላ ነገርኳት። ብሎኩን አሥር ቀን ያስቀመጥኩት ቀንቼ ነው አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ስቴፕለር ስፈልግ መሳቢያው ውስጥ አየሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ትልቅ ሰው እንዴት ደፍሬ...» አንገቷን ደፋች። «የኔም ጥፋት አለበት።»

ልትቆጣኝ ትችል ነበር። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

«ስህተቴንና ማዘግየቴን ለሙክታር ማን ይንገረው?»

«የሚከብደውን በሀዲይኛ ማስተርጎም እችላለሁ፣ ዶክተር። መናገሩ ግን የእርስዎ ነው።»

ሲቲ ስካኑ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። እብጠቱ የማንቁርቱን ለስላሳ አጥንት ካላለፈ ማንቁርቱ በከፊል ይቆረጣል፣ ድምፅ ይቀርለታል። ካለፈ ማንቁርቱ በሙሉ ይወጣል። አዶናይ ፊልሙን አይቶ ይወስናል።

እኔስ? ከፊልሙ በፊት ልንገረው ወይስ በኋላ? ጥሩ ሆኖ ከመጣ ዝም እላለሁ። ራሴን አውቃለሁ።

ሙክታር ሰኞ ከሰዓት ለደም ምርመራ ይመጣል። ረምላን ሰኞ ከሰዓት ሥራ አለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የለኝም አለች።