ዘውዴ በእግሩ ይምጣ

ዘውዴ ልጄ፣

የታክሲውን ቁልፍ አትፈልገው፤ ይዤው ወጥቻለሁ። ሽሮው ምድጃው ላይ ነው፤ ሳትበላ እንዳትወጣ።

ዛሬ መንጃ ፈቃድህን የሚመልሱልህ ዋስ ሲቀርብልህ ነው። ዋስህም እኔው ነኝ፤ ቀድሜህ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄጃለሁ።

አንተ በእግርህ ና።

ያኔ ታግደሃል ሲሉህ መንጃ ፈቃዱን ልታስረክብ ታክሲህን እየነዳህ ሄደህ፣ በር ላይ የቆመውን አሥር አለቃ “እስክወጣ ታክሲዬን ጠብቅልኝ” ያልክ ሰው ነህና አላምንህም።

በጊደር መጋላ ገበያ በኩል እለፍ። ጠጅህን ጠጥተህ ታክሲህን ላዩ ላይ የነዳህበት የቅመም ሻጯ የዐይሻ በርበሬ ገበያውን ሁሉ ሲያስነጥስ ዋለ። አንተ ግን ለዳኛው “ዓይኔ የቀላው በበርበሬው ነው” አልክ። እሷን እስከ ዛሬ ይቅርታ አላልካትም። ቆም ብለህ ብትላት “አብሽር፣ ምንም አይደል” ነው የምትልህ። አንገትህን ደፍተህ ካለፍክ ደግሞ...

እሱን ተወው።

የባለቤቴን ኮት አልጋህ ላይ አድርጌልሃለሁ። እሱ ካረፈ ወዲህ ማንም አልለበሰውም።

የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ጫማህ አቧራ ለብሶ ካየሁ እፈርማለሁ። የጎረቤታችንን የራሺድን መኪና ለምነህ እየነዳህ ከች ካልክ ግን “ይሄን ሰውዬ አላውቀውም” ብዬ፣ ኮቱን አስወልቄህ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

አከራይህ እትዬ ጽጌሬዳ