በር የሚፈተነው ከውስጥ ነው

አባዬ፣

ካረፍክ ወዲህ የዘመን መለወጫችንን ጊፋታን ያለ አንተ ሁለት ጊዜ አሳለፍነው። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ቢያማትም ሻንቶ ገበያ መሄድ አልተወችም። የጓሮው እንሰት አጥሩን አልፏል። የአናጢ ሳጥንህን ማንም አልነካውም ነበር። ባለፈው ወር ግን እኔ ከፈትኩት፤ ለምን እንደከፈትኩት ልነግርህ ነው የምጽፍልህ። በአማርኛ መጻፌ አይግረምህ። ልጄ ቢሮ ከገባች ወዲህ የምትቆጣው እንኳ በአማርኛ ነው እያልክ ትስቅብኝ ነበር።

ግጭት ሸሽተው ሶዶ የመጡትን ቤተሰቦች ታስታውሳቸዋለህ፤ አሮጌው አዳራሽ ውስጥ በሸራ ተከልለው የሚኖሩትን። ታመህ ተኝተህም ስለ እነሱ ትጠይቀኝ ነበር። በስንት ደጅ ጥናት መንግሥት ክፍሎች አሠራላቸው፤ እኔም የርክክብ ኮሚቴው አባል ሆንኩ። ሥራውን ልንረከብ የሄድን ዕለት ሁሉም ግድግዳውን ነካ ነካ አድርጎ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አይቶ የርክክቡን ቃለ ጉባኤ ሊፈርም ሄደ። እኔ አንተ የምታደርገውን አደረግኩ። ልጅ ሆኜ ዱቦ ድረስ ለሥራ ይዘኸኝ ስትሄድ፣ ያለቀ ቤት ከማስረከብህ በፊት ውስጥ ገብተህ በሩን ትዘጋው ነበር። በር የሚፈተነው ከውስጥ ነው ትለኝ ነበር።

ገብቼ ዘጋሁ። በሩ መልሶ ተከፈተ። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ብቻ ነበር። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ እንደዚያው። ተቋራጩ ሲሠራ የኖረው የእህል መጋዘን ነው፤ ሰውንም እንደ እህል ከውጭ ቆልፎበት የሚኬድ መስሎታል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ትንሽ ነገር አታካብጂ፣ ጣሪያ ማግኘታቸውም ትልቅ ነገር ነው አሉኝ። ወይዘሮ አስቴር ትዝ አለችኝ፤ ሁለቱን ሴት ልጆቿን አስተኝታ፣ ጀርባዋን የአዳራሹ በር ላይ አስደግፋ የምታድረዋ። አልፈርምም አልኩ። ግትር ተባልኩ፤ ግትርነቱ የማን እንደሆነ አላወቁም። በአንቺ ምክንያት ሰዎቹ አዳራሽ ውስጥ ቀሩ ሲሉኝ ግን አመመኝ። እውነት ነበረበት።

ያን ቀን ነው ሳጥንህን የከፈትኩት። በጨርቅ ጠቅልለህ ካስቀመጥካቸው መቀርቀሪያዎች አንዱን ይዤ ሄድኩና፣ ለወይዘሮ አስቴር የተመደበው ክፍል በር ላይ ራሴ ገጠምኩት። ጠማማ ነው፤ ብታየው ነቅለህ እንደገና ታሠራኝ ነበር። ግን ይዘጋል። ሰብሳቢው መጥተው ከውስጥ ዘግተው ከፈቱት፣ ደግመው ዘጉት። ሲወጡ ተቋራጩን አስጠሩት። በሳምንቱ ሁሉም በር በውስጥ በኩል መቀርቀሪያ ተገጠመለት።

ወይዘሮ አስቴር ልጆቿን ይዛ ስትገባ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ልላት ደጃፏ ላይ ቆሜ ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ከዚያ ቃለ ጉባኤውን የተዘጋው በሯ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ።

አባዬ፣ ሳጥንህ አሁን ቢሮ፣ ጠረጴዛዬ ሥር ነው። ገና የሚሠሩ ክፍሎች አሉ። በሕይወት እስካለሁ፣ ገብቼ በሩን ሳልዘጋ የምፈርምለት ቤት አይኖርም። በዘጋሁ ቁጥርም አስታውስሃለሁ።

ልጅህ