የማቆያው ቤት ቁልፍ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ሀብተወልድ፣ ካሉበት ሐዋሳ።

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጥምቀትን በደህና ዋሉ? ጉልበትዎ ሻል አለልዎ ወይስ ወንድሜ ኒቆዲሞስ እንደሚያማርረው አሁንም ኪኒኑን ትራስ ሥር እየደበቁ «ውጬዋለሁ» ይላሉ? እንቅልፉስ? የሐይቁ አየር ተስማማዎ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በአካል ደህና ነኝ። በሐሳብ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። ደውዬ ብነግርዎት በወደድኩ፤ ግን ጆሮዎ ከስልክ ጋር ከተጣላ ቆይቷል፣ ጉዳዩም እየጮኹ የሚናገሩት አይደለም። ደግሞስ «በወረቀት ያልሰፈረ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል» እያሉ ያሳደጉን እርስዎ አይደሉ? ይኸው በወረቀት ጻፍኩልዎ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርዎ። የጓዳው ጣሪያ ተጠግኗል። ደረቀ ብለው ያዘኑለት የዘይቱን ዛፍ ከሥሩ አቆጥቁጧል። ውኃው እንደሚያውቁት ነው፤ ሲመጣ ያለንን ጀሪካን ሁሉ እንሞላለን፣ ሲጠፋ አንጋጠን እንጠብቃለን። ወዳጅዎ አቶ ለገሠ ፈረስ መጋላ ካለው ሻይ ቤት በር ላይ አሁንም ወንበራቸውን አልለቀቁም። ባለፍኩ ቁጥር የኦዲተርነት ዘመንዎን እያነሱ «ያ ቀይ እስክሪብቶ እንዴት ነው?» ይሉኛል። «ሰውየው ጡረታ ወጡ፣ እስክሪብቶው ግን አልወጣም» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ሰሞኑን ግን እኔ አብሬያቸው መሳቅ አቅቶኛል፤ ምክንያቱን ልንገርዎ።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤታችን ከሒሳብ ምርመራው ሌላ የክዋኔ ኦዲት እንድንሠራ አሰማርቶናል። አምና እዚህ ሐረር መጥተው ሳሉ ዕቅዱን ሳወራልዎ «ኦዲተርን ምጥ ምን አገባው? አዋላጅ ሆናችሁ እንዴ?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አገራችን ከዓለም መንግሥታት ጋር ሆና የገባችው ቃል አለ፤ ዘላቂ የልማት ግቦች ይሉታል። ከግቦቹ አንዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በወሊድ የሚሞቱ እናቶችንና የሚቀጩ ሕፃናትን ቁጥር እጅግ መቀነስ ነው። ቃል የገባው ሰው ራሱ «ቃሌን ጠብቄአለሁ» ብሎ ቢመሰክር ማን ያምነዋል? ወጥቶ የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። እኛን የላኩን ለዚያ ነው። እርስዎ በዘመንዎ «ዕቃው አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ እኛ ደግሞ «ዕቃው ለማን ደረሰ?» ብለን እንድንጠይቅ ታዘዝን።

ለእኔ የደረሰኝ የእናቶች ማቆያ ቤቶች ጉዳይ ነው። ቤታቸው ከጤና ጣቢያ የራቀ እርጉዞች ወራቸው ሲገባ መጥተው ምጣቸው እስኪመጣ የሚያርፉባቸው ቤቶች ናቸው። በታኅሣሥ ከሾፌራችን ከነስሮ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድን። ኃላፊዋ ሲስተር ናፊያ ትባላለች። የያዝነውን ደብዳቤ ተቀብላ ስሜን ከነአባቴ ስታነበው ፊቷ ተለዋወጠ። «የአቶ ሀብተወልድ ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። ካንገቷ በክር የተንጠለጠለውን ቁልፍ አውጥታ ወደ ማቆያው ቤት መራችን።

አባባ፣ ያንን ቤት ቢያዩት ደስ ይልዎት ነበር። ወለሉ ያበራል። አልጋዎቹ ተሰልፈዋል፣ ፍራሾቹ ከነላስቲካቸው ናቸው። በያንዳንዱ አልጋ ግርጌ ብርድ ልብስ በአራት ታጥፎ ጠርዙ ከጠርዝ ተገጣጥሞ ተቀምጧል፤ የንብረት ቁጥሩ ሁሉም ላይ አለ። ከመዝገቡ ጋር አስተያየሁት፤ ልክ ነው። የድሮው ሥራዬ ቢሆን ኖሮ አመስግኜ ፈርሜ እወጣ ነበር። ግን ቤቱ የአዲስ ላስቲክ ሽታ እንጂ የሰው ሽታ የለውም። እናቶቹ የት አሉ ብዬ ብጠይቃት ወደ በረንዳው አመለከተችኝ። ሆዳቸው የገፋ ሴቶች ከቤታቸው ባመጡት ምንጣፍ ላይ በየነጠላቸው ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

እንዴት እንዲህ ይሆናል ብዬ ተቆጣሁ። ሲስተር ናፊያ አልተቆጣችም፣ አልደበቀችምም። ማቆያው ቤት ከመሠራቱ በፊት አንዲት ወላድ ደም አልቆም ብሏት በጤና ጣቢያው ብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ ሆስፒታል እንደላከቻት ነገረችኝ። ሴትየዋ ዳነች፤ ብርድ ልብሱ ግን አልተመለሰም። በዓመቱ ኦዲተር መጣ፤ የጎደለውን አገኘ፤ «ኃላፊዋ ከደመወዟ ትተካ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ይሰጣት» ብሎ ጻፈ። ዋጋው አልከበዳትም። ማስጠንቀቂያው ግን ከማኅደሯ ገብቶ ተራዋ ደርሶ የነበረው የትምህርት ዕድል ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ የፈረመችበትን ዕቃ ከቁልፍ አታወጣም። ኦዲተሩ እርስዎ ነበሩ፣ አባባ። ቂም ግን አልያዘችብዎትም። «ወላሂ ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ ሻያችንን እንኳ አልቀመሱም» ነው ያለችኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ሳለቅስ ነስሮ «አቦ፣ እንዲህ ሆነሽ አትጻፊ፤ መጀመሪያ ውኃ ጠጪ» ብሎ ጠርሙሱን አቀበለኝ።

በክዋኔ ኦዲት ተገልጋዩን ሳይጠይቁ መጻፍ አይቻልም። በረንዳው ላይ የነበሩት ሴቶች አሚና ስለምትባል አንዲት ጎረቤታቸው ነገሩኝና ኤረር በር አካባቢ ካለው ገበያ ካሮትና ድንች ስትሸጥ አገኘኋት። ከሴቶቹ የሰማሁትን ደግማ ነገረችኝ። በኅዳር ወሯ ሲገባ ከአማቷ ጋር በእግር ወደዚያ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። በረንዳው ላይ ሰነበተች። ብርዱ ሲጠናባት አማቷ «ከዚህስ ቤታችን ይሻላል» አለቻትና ተመለሱ። ምጡ መንገድ ላይ ያዛት። ልጁ ሳያለቅስ ቀረ። «እኔ አልሐምዱሊላህ ተርፌያለሁ» አለችኝ፣ ድንቹን እየደረደረች። ማቆያው ቤት ውስጥ አልጋና ብርድ ልብስ እንዳለ ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «በመስኮት አይቼዋለሁ፤ ያምራል። ለትልቅ እንግዳ የተነጠፈ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

አባባ፣ ይህች ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ያ ቤት እኮ ወደ ላይ በሚሄደው ሪፖርት ላይ «ተሠርቶ፣ ተሟልቶ፣ አገልግሎት እየሰጠ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ከወረዳ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አገሮች ሁሉ «ይህን ያህል ተራመድን» ወደሚባባሉበት ጉባኤ ይሄዳል። የአሚና ልጅ ግን የትም አልተጻፈም። እኛ ባንጽፈው ማን ይጽፈዋል? ከዚያ ወዲህ ሌሎች ጤና ጣቢያዎችንም አየሁ። አንዱ ጋ አዳዲስ ድስቶች ከነካርቶናቸው ተቆልፎባቸው የወላድ ገንፎ የሚበስለው ከሰፈር በተለመነ ድስት ነው። ሌላው ጋ ኃላፊው ሳያፍር «ኦዲት ፈርተን ነው» አለኝ። እንግዲህ ይህ የናፊያ ጥፋት ብቻ አይደለም። ሰው ዕቃ ሲጠፋበት እንደሚቀጣ ያውቃል፤ ዕቃው ሳይሠራበት ሲቀር ግን የሚቀጣው የለም። ስለዚህ ይቆልፋል።

ረቂቁን ለአለቃችን ለአቶ ወንድወሰን አቀረብኩ። እርስዎ ያሠለጠኗቸው ሰው ናቸውና ያውቋቸዋል። አንብበው ሲጨርሱ «ኃላፊዋ በቸልተኝነት ንብረቱን ከአገልግሎት ውጪ አድርጋለች በይና ዝጊው» አሉኝ። እንዲህ ከተጻፈ ናፊያ ከኃላፊነት ትነሳለች፤ ከሥራም ሊያሰናብቷት ይችላሉ፤ ቁልፉን የሚረከበው ሰው ደግሞ ከእሷ የባሰ ይቆልፋል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው፤ ሥሩ የእኛው መሥሪያ ቤት የቀድሞ ውሳኔ ነውና እሱም ይጻፍ አልኳቸው። እናት ለማዳን የወጣ ዕቃ በአዋላጇ ቃል ከመዝገብ እንዲሰረዝ፣ ቁልፉም ከተረኛዋ ጋር እንዲያድር፣ አንዲት እናት እንኳ ያላደረችበት ማቆያ ቤት በግቡ ውጤት እንዳይቆጠር የሚል ሐሳብ አክያለሁ። ይህ ሪፖርት በምክር ቤት ይነበባል፤ ከተነበበ ሌላውም ጤና ጣቢያ ቁልፉን ይፈታል።

አቶ ወንድወሰን ሐሳቡን አልጠሉትም። የፈሩት እርስዎን ነው። «ስማቸው ባይጠቀስም በዚህች ከተማ የማን ውሳኔ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እጄን ይዘው ሥራ ያስተማሩኝን ሰው በሕይወት እያሉ አላዋርድም። ራሳቸው ይጻፍ ካሉ ግን እፈርማለሁ» አሉኝ። እንግዲህ ዓይኔን በጨው ታጥቤ የምለምንዎት ይህን ነው። «ያ ውሳኔ በሪፖርቱ ይግባ» የሚል አጭር ቃል በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ነውና ቀን የለንም።

ቅር እንደሚልዎ አውቃለሁ። በዚያን ዘመን በየጤና ጣቢያው አንሶላው ከነአልጋው ገበያ ይወጣ እንደነበር አውቃለሁ። ሰው ሁሉ «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ሲል እርስዎ ብቻ እምቢ ብለው ቆሙ፤ እኛም በዚያ ኩራት አደግን። ሕጉ የጎደለ ይተካ ይላል፤ እርስዎም ሕጉን ፈጸሙ። ነገር ግን አባባ፣ ናፊያ ብርድ ልብሱ የት እንደሄደ ነግራዎት አልነበረም? ደም የሚፈሳት ሴት ላይ ነው የሄደው አላለችዎትም? ብላኛለች፤ «ነግሬያቸዋለሁ፣ በትዕግሥት ሰምተውኛል» ብላኛለች። ሰምተው ያንን ጻፉ። እዚህ ላይ ስደርስ እናደድብዎታለሁ፤ እውነቱን ልንገርዎ ብዬ ነው። ከዚያ ደግሞ ያሳዝኑኛል። ብቻዎን ቆመው ነበርና ከቁጥሩ በቀር የሚተማመኑበት አልነበረዎትም።

እምቢ ቢሉኝም አባቴ ነዎት፤ ፍቅሬ አይጎድልም። ናፊያን ብቻ በሚከስ ሪፖርት ላይ ግን ስሜን አላኖርም። ስሜ ግማሹ የእርስዎ ነውና ለሁለታችንም ብዬ ነው። ይህን ብዬ ከመሥሪያ ቤቱ ብባረር እንኳ ከቤታችን አንዱን ክፍል አከራይቼ እኖራለሁ፤ ለእኔ አይስጉ። የምሰጋው ዛሬ በረንዳው ላይ ላሉት ነው። ጥርም ብርድ ነው።

ወንድሜን ኒቆዲሞስን ሳሙልኝ ብላለች ይበሉት፤ ይህንን ደብዳቤ ካነበበ ደግሞ ከእርስዎ ጋር እንዳይከራከር፣ ነገሩ የእኔና የእርስዎ ነው። ለሚስቱ ለብሌን ደግሞ፣ የላከችልኝ ቀሚስ ልክ እንደሆነልኝና ለቃና ዘገሊላ እንደለበስኩት ይንገሩልኝ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ ትልቁ ሒሳብ ወደቀ አሉኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ አያስፈራሩት። ቤት ለምታግዛችሁ ልጅም ሰላምታዬ ይድረሳት። አቶ ለገሠ «አለሁ በይልኝ» ብለዋል። ነስሮም ለማያውቀው ሰው ሰላም በይልኝ ማለት አያፍርም፤ ሰላም ብሏል።

ሲስተር ናፊያም ሰላምታ ልካለች። መኪናው ድረስ ተከትላ ሸኝታኝ ስታበቃ የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ። «ለአባትሽ ሰላም በይልኝ። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ አንድም ብርድ ልብስ አልጎደለብኝም በያቸው፤ ደስ ይላቸዋል» ብላለች። መልስ ትጠብቃለች። ምን ብዬ እንደምመልስላት አላውቅምና እርስዎ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ልደት ሀብተወልድ
ሐረር፣ ጀጎል
ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.