ያልተቀመሰ ወጥ

ሰኞ፣ ኅዳር 1

እረፍት። ጾም። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ደሴ ኅዳር ሲገባ እንዲህ ናት። ልጄን ራሂማን ትምህርት ቤት ሸኝቼ ሽንኩርት ልልጥ ተቀመጥኩ።

የሳምንቱን ምግብ ያሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ ጽፌ ኩሽናው በር ላይ ለጠፍኩት። እስከ ሐሙስ ምስር ወጥና ድንች አልጫ። ከሐሙስ ወዲያ ሽሮ፣ ጎመን። እሑድ ሥጋ... ከተገኘ። ለጥፌ ሳየው የሰነፍ ተማሪ የቤት ሥራ መሰለኝ። ከስምንተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ከዚህ በላይ ምን ሊጽፍ ነው?

የማበስለው ሰኞና ሐሙስ ነው። ሁለቱም የጾም ቀኖቼ ናቸው። ሰኞ ክር ፋብሪካው አልገባም፤ ሐሙስ የጠዋት ፈረቃ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ በጊዜ እመለሳለሁ። እጅ ሥራ ከያዘ ሆድም ዝም ይላል። ሚያዝያ ላይ ባለቤቴ ሰዒዳ ከሞተችብኝ ወዲህ አንድም ሰኞ፣ አንድም ሐሙስ አላሳለፍኩም። ኒያው፣ የልቤ ሐሳብ፣ ለእሷ ነው። አላህ ይቀበለኝ።

ጨዉን በእጄ ሰፍሬ ጨመርኩ። ሰዒዳም ለጨው ማንኪያ አታውቅም ነበር ይባላል።

መግሪብ ላይ አፈጠርኩ። ከራሂማ ጋር በላን።

"እንዴት ነው ወጡ?"

"ጥሩ ነው አባዬ።"

ሁልጊዜ ጥሩ ነው። ግን ከፊቷ ያለው አይጎድልም። እኔ እንደሆነ ሁሉም አንድ ነው የሚሆንብኝ። ምስሩም፣ ድንቹም፣ እንጀራውም... አፌ ከሰዒዳ ጋር የተቀበረ ይመስለኛል። አስተግፊሩላህ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ቢልቂስ ደወለች። የሰዒዳ ታላቅ እህት፤ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። እሑድ መጥታ ራሂማን አይታት ነበር።

"ጣሀ፣ እንዳትቀየመኝ። ልጅቷ አንገቷ ብቻ ነው የቀረው።"

"ትበላለች እኮ።"

"ምኑን? አንተ ያበሰልከውን?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

"እኔ ጋ ከልጆቼ ጋር ትደግ። ሥራህም እዚሁ ነው፣ በፈለግህ ጊዜ ታያታለህ። ታኅሣሥ ሲገባ እመጣለሁ። እንዲሁ ሆና ከጠበቀችኝ ይዣት ነው የምወርደው።"

ክፋት የላትም። የእህቷ ልጅ ናት። እውነቷንም ነው፣ ልጅቷ ከስታለች። ግን ራሂማ ከሄደች... ማታ በሩን ማን ሊከፍትልኝ ነው? ይኸው፣ አሁንም የማስበው ለራሴ ነው። ወይስ ለእሷ? አልለየውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

አዲስ ነገር ልሞክር አልኩ። ምናልባት የሰለቻት ምስሩ ይሆናል። ከፈረቃ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ስልኬ ላይ አንዲት ሴት መኮረኒ በአትክልት ስትሠራ አየሁ። ቀልጣፋ ናት፣ ሳቂታ። "በጣም ቀላል ነው" ትላለች።

እኔ እጅ ላይ ቀላል አልሆነም። ውሃው ሳይፈላ ጨመርኩት መሰለኝ። ተያያዘ። በጭልፋ ልጨልፍ ብል ሙሉው እንደ ዳቦ ተነሣ።

ራሂማ አየችውና ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን ነው የያዘችው ወይስ እንባዋን?

"ጥሩ ነው አባዬ።"

ዓርብ፣ ኅዳር 5

የተረፈውን መኮረኒ ለምሳ ይዤ ወረድኩ። አጠገቤ ያለው ማሽን ላይ የሚሠራው አግማስ ምሳ ዕቃዬን ከፍቶ አየው። ወንደላጤ ነው፤ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቶ ራሱ አብስሎ ይበላል። እሱ ክርስቲያን እኔ ሙስሊም፣ ሥጋ ካልሆነ ምሳችን አንድ ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መኮረኒ።"

"አይደለም። ይሄ የክር ማጠንከሪያ ነው። ለኃላፊው እንንገረው፣ ከውጭ ማስመጣቱ ይቀርለታል!"

የፈረቃው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስቆ ሲያበቃ ግን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ውሃው ሲንተከተክ ነው የሚጨመር፣ ዘይት ጠብ አርግበት፣ ቶሎ አጥልለው። ፎሶሊያ በካሮትም እንዴት እንደሚሠራ ነገረኝ። "እሳቱን አታብዛበት። አትክልት እንደ አማት ነው፣ በቀስታ ነው የሚያዝ።"

ያላገባ ሰው ስለ አማት ከየት አወቀ?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ጾም። ገበያ ወጣሁ። ከገራዶ ካሮትና ጎመን ይዛ የምትመጣው ሴትዮ፣ የሰዒዳ ደንበኛ፣ አወቀችኝ።

"ምነው ሰሞኑን አንተው ሆንክ? ባለቤትህን አሟት ነው?"

አልሰማችም ለካ። "አዎ፣ ትንሽ" ብዬ አለፍኩ። ለምን እንዲያ አልኩ? ለመናገር አቅም አጣሁ።

ፎሶሊያ በካሮት። እሳቱን አላበዛሁም። መልኩ አማረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁት ነገር ምግብ መሰለ። ራሂማም ስታየው ፊቷ ፈካ። አንድ ጎረሰች። ውሃ ጠጣች። ሁለተኛ ጎረሰች። ደግሞ ውሃ።

"ጠገብኩ አባዬ።"

በምን?

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሥጋ አልተገኘም። ሩዝ ሠራሁ። አረረ። ማሰሮውን ስፈትግ ራሂማ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩ። ለካ ሁለት ሰው አንድ ቤት ውስጥ እንዲህም ዝም ማለት ይችላል። ሰዒዳ እያለች ዝምታ የት ነበር የሚኖረው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

አግማስ የገናን ጾም ይዟል። "እናንተም ትጾማላችሁ፣ እኛም እንጾማለን፣ ለዚች ፋብሪካ ማን ሊፈትልላት ነው?" እያለ ሰው ያስቃል። ምስር ስለያዝኩ ካንተው ልካፈል አለ። አንድ ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ።

"ጣሀ፣ ከአፋር ግመል ጭነህ ነው እንዴ የመጣኸው?"

"ምን አልክ?"

"ጨዋታ ነው። ብላ፣ ብላ።"

ሁልጊዜ ጨዋታ ነው የሱ ነገር። ተውኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ገብቼ ተኛሁ። ደክሞኛል። በሩ ላይ የለጠፍኩት ነገር ሌላ ሰው ለሌላ ቤት የጻፈው ይመስላል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

መብራት ጠፍቶ ፋብሪካው ቀድሞ ለቀቀን። ሳይታሰብ ገባሁ። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ራሂማ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ካልሲዋን የምታጥብ መስሎኝ ነበር።

ወንፊት ይዛለች። ወንፊቱ ላይ ፎሶሊያና ካሮት፣ ትናንት የሠራሁት። ውሃውን ለቃበት በጣቷ ታገላብጠዋለች። አንዲት ካሮት አንሥታ ቀመሰች። መልሳ አጠበች።

"ራሂማ?"

ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ።

"አባዬ፣ ልደፋው አይደለም! ወላሂ ልበላው ነው። ጨዉ... ትንሽ በዝቶ ነው።"

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

መሬት መሬት አየች። "አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ የለውም። ያኔ እጨምርበታለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

"ከነገርኩህ ትቀምሳለህ። ከቀመስክ ጾምህ ይፈርሳል።" ድምፅዋ ቀጠነ። "ለእማዬ እኮ ነው የምትጾመው።"

ካሮቱን ከመሬት ለቀምን፤ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን።

ለእናቷ የምጾመው ጾም እንዳይፈርስ ብላ ምግቧን በቧንቧ ታጥባለች። እኔ ደግሞ ደግ የሠራሁ መስሎኝ፣ እፊቷ ቁጭ ብዬ፣ የበላሁት ጨው ይሁን አፈር ሳላውቅ... ጾሜ ለሰዒዳ ነበር? ወይስ መደበቂያ ነው ያረግሁት? ሰዒዳ ብታይ ምን ትለኝ ነበር? የምትለኝን አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ለእትዬ ነጂባ ነገርኳቸው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰዒዳን ገንዘው የሸኙልኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ አዘኑ። ወዲያው ደግሞ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁብኝ።

"አንተዬ! ረመዳን ላይ የደሴ ሴት ሁሉ ሳትቀምስ ነው ባሏን የምታስፈጥረው?"

"እኔ እንጃ... ጥርጣሬ ያለበትን መተው ይሻላል ብዬ ነው።"

"ኸምላስህ ጫፍ ታረግና ትፍ! ካልዋጥከው ምን አለበት? ሰዒዳስ እንዲያው አልነበር የምታረግ? አላየሃትም?"

"አላየሁም።"

"ኩሽና ብትገባ ታያት ነበር።"

አሱር ሰግደን ስንወጣ ሸኹንም ጠየቅኳቸው። ለሚያበስል ሰው ተፈቅዷል፣ ወደ ውስጥ ካላለፈ አሉኝ። ፈገግ ብለው ነው ያሉኝ፤ ይህን እስከዛሬ አለማወቄ ገርሟቸው ይሆናል።

እኔንም ገረመኝ። በየረመዳኑ ቴምር ይዤ አዛን ስጠብቅ፣ ሚስቴ ከግድግዳው ወዲያ ምን ታደርግ እንደነበር አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ሸኹ ቢፈቅዱም ልቤ አልቆረጠልኝም። ምስሩ ሲበስል ራሂማን ጠራኋት።

"ቅመሺልኝ።"

"እኔ?"

"ሌላ ማን አለኝ?"

ማማሰያውን ተቀበለችኝ። መዳፏን ጎድጎድ አርጋ ጠብታ አስቀመጠችበት፣ እፍ አለችው፣ ላሰችው። ይህን ማን አስተማራት? እናቷ ናታ። እኔ ያላየሁትን እሷ አይታለች።

"እውነቱን ልንገርህ?"

"ንገሪኝ።"

"አይበላም።"

"ስንት ጊዜ በላነው እኮ!"

"አንተ በላኸው። እኔ አጠብኩት።"

ተያየን። መጀመሪያ እኔ ነኝ የሳቅኩት... ሳቁ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ማሰሮው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ድንች ልጠን ጨመርንበት፤ ጨዉን ይመጠዋል አለች። መጠጠው። ማታ ሳህኗን በእንጀራ ጠረገችው።

እሑድ፣ ኅዳር 28

የሳምንቱን ምግብ ዛሬ እሷ ናት የጻፈችው። ሩዝ በካሮት። መኮረኒ፣ አጠገቡ "እንደገና!" ብላበታለች። ጎመን በድንች። ከሥሩ "ሽሮ፣ እማዬ እንደምትሠራው" ብላ ጻፈች። ትንሽ አየችው። ሰረዘችው።

"እሱን አንችልም" አለች።

"አንችልም።"

"የራሳችንን ሽሮ እንሥራ።"

እሺ አልኩ። ከጓዳ ስወጣ ዓይኔን ሽንኩርት ነው ብዬ አሸሁ። ሽንኩርት አልነበረም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

ትናንት ቢልቂስ መጣች። ባዶ ሻንጣ ይዛ። በሩ ሥር አስቀመጠችው። ራሂማ ሻንጣውን አየችው፣ እኔም አየሁት፤ ማናችንም ስለሱ አላነሣንም። ቀኑ የመኮረኒ ነበር።

"አባዬ አታማስለው፣ ይፈርሳል!... ዘይቱስ?... በቃ፣ በቃ! እጅህን ከጨዉ ላይ አንሣ!"

ዞር ስል ቢልቂስ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላወቅሁም።

"ይቺ ልጅ መናገር የጀመረችው መቼ ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ካፈጠርኩ በኋላ ሦስታችንም በላን። ቢልቂስ ትጎርሳለች፤ እኔ ፈተና እንደተቀመጠ ልጅ አፏን አፏን አያለሁ።

"መኮረኒው ትንሽ በዝቶ በስሏል" አለች።

"ጨዉስ?" አለች ራሂማ፣ ፍጥጥ ብላ።

"ጨዉ ልክ ነው።"

ከዚያ እጇን ታጥባ ወደ ልጅቷ ዞረች። "ራሂማ፣ የኔ እናት፣ እኔ ጋ ነይ እስቲ። ከመርየም ጋር አንድ ክፍል ትማሪያለሽ፣ አንድ አልጋ ትተኛላችሁ። እንደ ልጄ ነሽ።"

ራሂማ እኔን አየች። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ልይዛት አልፈልግም፤ እንድትሄድም አልፈልግም።

"እንደፈለግሽ ልጄ" አልኩ።

አሰበች። የምሯን ነው ያሰበችው፤ መርየምን ትወዳታለች።

"ሰኞና ሐሙስ ማን ሊቀምስለት ነው?" አለች።

ቢልቂስ አልገባትም። ነገርኳት፤ ቧንቧውንም፣ ወንፊቱንም፣ አንዱንም ሳልደብቅ። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። "ሰዒዳ ጨው ታበዛ ነበር፣ ልጅ ሆና" አለች በመጨረሻ። "እናታችን ትገርፋት ነበር።"

አድራ ዛሬ ጠዋት ወረደች። "ረመዳን ሲገባ መጥቼ አያታለሁ፤ ካልወፈረች አልምርህም" ብላኛለች። ታደርገዋለች። ሻንጣውን ራሂማ የገራዶ ጎመን ሞልታ አስያዘቻት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ጾም። ብርድ። ድካሙ እንዳለ ነው፤ ሽንኩርቱም፣ ፈረቃውም፣ የአልጋው ወዲያኛው ጎንም እንዳሉ ናቸው።

ገበያ ለገራዶዋ ሴትዮ ነገርኳት። ሰዒዳ ሞታለች አልኩ። ድምፄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ካሮት መረቀችልኝ፤ እንቢ ብላት ከረጢቴን ነጥቃ ጨመረችው።

ምስሩን ጣድኩ። ራሂማ ትምህርት ቤት ናት፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ሲበስል ማማሰያውን አነሣሁ። ብቻዬን ነኝ... ቢስሚላህ አልኩ። መዳፌን ጎድጎድ አርጌ፣ እፍ ብዬ፣ ከምላሴ ጫፍ። ትፍ። ተጉመጠመጥኩ።

ጨው ያንሰዋል።

ቆምኩ። ቃሪያው ተሰማኝ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተሰማኝ። ጨው ደግሞ ያንሰዋል። ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት። አልሐምዱሊላህ።

የጨዉን ዕቃ ከፈትኩ። ትንሽ ቆየሁ። መልሼ ከደንኩት።

ራሂማ ስትመጣ ትጨምረው። ሥራዋ ነው።