ባዶ የፖስታ ቦርሳ ይዘው በየደጁ የዞሩት የወይዘሮ ትሬንዳፊልካ ካራኮሌቫ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ትሬንዳፊልካ ካራኮሌቫ ከአባታቸው ከአቶ ስቶይቾ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፊዳንካ በቡልጋሪያ፣ በሮዶፒ ተራሮች ውስጥ በምትገኘው በጎርና ክሩሻ መንደር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1949 ተወለዱ። ወላጆቻቸው ትምባሆ አምራቾች ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ሰባተኛ ክፍል በመንደሩ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ታች ከተማ ከአክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀዋል።

በ1969 የመንደሩ ፖስተኛ ሆነው ተቀጠሩ። በ1971 በእርሳስ ማዕድን ማውጫ ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ቬልኮ ካራኮሌቭ ጋር ጋብቻ መሥርተው ራድኮንና ዶንካን ወልደዋል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ክረምት ከበጋ፣ ከታችኛው ሰፈር ተነስተው እስከ ላይኛው ሰፈር በየቀኑ እያንዳንዱን በር አንኳኩተዋል። ደብዳቤ ለሌለውም ቢሆን ደጁ ላይ ቆም ብለው "ዛሬ የለህም፤ ነገ እናያለን" ሳይሉ አያልፉም ነበር።

ማዕድን ማውጫው ሲዘጋ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ተሰደደ። ትምህርት ቤቱ ተማሪ አጥቶ ተዘጋ። ራድኮ ወደ ስፔን፣ ዶንካ ወደ ዋና ከተማ ሄዱ። አቶ ቬልኮ የማዕድኑ አቧራ ሳንባቸውን ጎድቶት በ2003 አረፉ። በ2008 መከር ላይ ደግሞ ፖስታ ቤቱ ራሱ ተዘጋ፤ ለወይዘሮ ትሬንዳፊልካ የቀረላቸው የቆዳ ቦርሳቸው ብቻ ነበር።

በዚያው ክረምት፣ በጃንዋሪ 2009፣ በላይኛው ሰፈር ለብቻቸው ይኖሩ የነበሩት ታላቅ ወንድማቸው አቶ ኮልዮ ቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ከሞቱ ስምንት ቀን ሆኗቸው ነበር። ወይዘሮ ትሬንዳፊልካ በእነዚያ ስምንት ቀናት በረዶው ከብዷቸው ከቤት አልወጡም፤ የሚደርስ ፖስታ ስለሌለም የወንድማቸውን በር ያንኳኳ ሰው አልነበረም። በቀብሩ ላይ አላለቀሱም። የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ፖስታው ቢኖር ኖሮ በማግስቱ አገኘው ነበር።"

ከአርባው በኋላ፣ አንድ ጠዋት ባዶውን ቦርሳ በትከሻቸው አንግተው ወጡ። በዚያን ጊዜ ጭስ የሚወጣባቸው አርባ አንድ ቤቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም አንድ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት የቀሩባቸው ናቸው። ወይዘሮ ትሬንዳፊልካ በድሮው የፖስታ መንገዳቸው እየዞሩ፣ ጭስ ማውጫውን ቀና ብለው አይተው፣ በሩን ያንኳኳሉ። ቦርሳው ውስጥ ቀስ በቀስ ዳቦ፣ የግፊት መድኃኒት፣ ክብሪት፣ የአንዱ ቤት እንቁላል ለሌላው ቤት መግባት ጀመረ።

ዙሩ ከተጀመረ በኋላ በመጣው በመጀመሪያው ክረምት የሆነውን መንደሩ ዛሬም ያስታውሰዋል። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ደጁ ላይ ጥቁር ጨርቅ ይሰቀላል። አንድ ጠዋት ከአቶ ጋንቾ ቤት ጭስ አልወጣም። አቶ ጋንቾ በማዕድኑ ውስጥ አንድ እግራቸው የተጎዳ፣ በክራንች የሚሄዱ ጎረቤት ናቸው። ወይዘሮ ትሬንዳፊልካ መስኮቱን እየደበደቡ ሳለ፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፔንካ ወደ ውስጥ እንኳ ሳያዩ እያለቀሱ ጥቁሩን ጨርቅ በሩ ላይ በሚስማር መቱት። ለካ አቶ ጋንቾ ማታ አዲስ የፕሪም አረቄ ሲቀምሱ አምሽተው እንቅልፍ ጥሏቸው ኖሯል። በሩን ከፍተው ጨርቁን አዩና፣ "ምነው፣ እኔ ሞቼ ለራሴ የሚነግረኝ ጠፋ?" አሉ። ከዚያም ጨርቁን ነቅለው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ዕቃ አይጣልም። ጊዜው ሲደርስ ይፈለጋል።" ወይዘሮ ትሬንዳፊልካ ወንድማቸውን ከቀበሩ ወዲህ ሲስቁ የታዩት ያን ዕለት ነው።

በጃንዋሪ 2017 ወይዘሮ ትሬንዳፊልካ ትኩሳት ይዟቸው ሁለት ቀን ተኙ። በሦስተኛው ቀን ሲወጡ ወይዘሮ ፔንካን በምድጃቸው አጠገብ ወድቀው አገኟቸው። ሞተው ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር። ወይዘሮ ትሬንዳፊልካ ከቀብሩ ተመልሰው ቦርሳውን ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ በራቸውንም ዘጉ። ራድኮ ከስፔን ደውሎ "እማ፣ በቃሽ፤ ልምጣና ልውሰድሽ" ሲላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ "እሺ" አሉት። ምግብ አልቀምስ አሉ፤ እሳታቸውም ጠፋ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በራቸው ተንኳኳ። አሥር ደቂቃ የማይፈጀውን መንገድ፣ በክራንች በረዶውን እየሰነጠቁ በአንድ ሰዓት የጨረሱት አቶ ጋንቾ ነበሩ።

"ትሬንዶ፣ ጭስሽ የለም።"

"እንጨት አልቆብኝ ነው።"

"አንቺ ውሸታም! ይኸው ግድግዳውን ሙሉ ተደርድሮ የለም እንዴ?" አቶ ጋንቾ ከኪሳቸው ያቺን ጥቁር ጨርቅ አወጡ። "በይ ንገሪኝ፤ ይቺን ልስቀላት ወይስ እሳት ልለኩስ?"

"ፔንካን የገደልኳት እኔ ነኝ፣ ጋንቾ።"

"ፖስተኛ ነሽ እንጂ እግዜር አይደለሽ! ሃያ ሦስት ቤት ሰው በአንቺ በአንዷ እግር ተማምኖ ሲተኛ ከረመ። አንቺ ስትታመሚ ያንቺን በር ማን መታ? ማፈር ያለብን እኛ ነን።"

ይህን ብለው ምድጃውን ለኮሱ። በዚያው ሳምንት የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ፣ ማንም ቡናም ሆነ ሾርባ ከመጣዱ በፊት የጎረቤቱን ጭስ ማውጫ እንዲያይ፣ ጭስ ካጣም ሄዶ እንዲያንኳኳ፣ መሄድ ያልቻለም ለሌላው እንዲሰማ በሩ ላይ ብረት አንጠልጥሎ እንዲደበድብ ተስማማ። ወይዘሮ ትሬንዳፊልካም ቦርሳውን ከሚስማሩ አወረዱ፤ ስፔን መሄዱም ቀረ።

ይህ ሁሉ ሞትን አላስቀረም። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ሰው ቀብረናል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን አንድም የለም። ራድኮ ለበጋ ሲመጣ፣ "እማ፣ መንደሩ እንደሆነ እያለቀ ነው። ምን ተስፋ አለው ብለሽ ነው?" ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እሳቸውም ለጎረቤት የሚያደርሱትን ዳቦ እየጠቀለሉ፣ "ከአሥራ አራቱ ውስጥ አንድም ሰው ሳይታይ አላደረም። ለኔ ይበቃኛል። ይልቅ ያንን ክር አቀብለኝ" አሉት።

ካለፈው ኖቬምበር ጀምሮ ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ዋሉ። መንገዱ በበረዶ ሲዘጋ ሐኪም መምጣት አልቻለም። የቀሩት ስምንት ጎረቤቶች፣ ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሿ የስልሳ ስምንት ዓመት እናት ናቸው፣ ተራ ገብተው አስታመሟቸው። የጠዋቱ ተራ የአቶ ጋንቾ ነበር። ወይዘሮ ትሬንዳፊልካ ዓይናቸውን እንደገለጡ "የማን ጭስ ወጣ?" ይላሉ፤ አቶ ጋንቾም መስኮቱ ላይ ቆመው ቤቶቹን አንድ በአንድ ይጠሩላቸዋል።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2024 ጠዋትም ጠየቁ። አቶ ጋንቾ ስምንቱን ቤት ቆጥረው ጨረሱ። "የእኔስ?" አሉ ወይዘሮ ትሬንዳፊልካ። "ያንቺም እየወጣ ነው፣ ትሬንዶ። ቀጥ ብሎ።" ይህን ከሰሙ በኋላ፣ እጃቸው በአቶ ጋንቾ እጅ ውስጥ እንዳለ፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ ስትገቡ ደጃቸው ላይ ያያችኋት ጨርቅ፣ አቶ ጋንቾ አሥራ አራት ዓመት በኪሳቸው ያኖሯት ናት።

ወይዘሮ ትሬንዳፊልካ የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። አቶ ጋንቾ በዚህ ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር እንዲጨመርላቸው ለምነዋል፤ ቦርሳው ከራሳቸው ከአቶ ጋንቾ ደጅ ተሰቅሏል፤ ነገ ጠዋት ዙሩ ከዚያ ይጀመራል፤ እሳቸው ከታችኛው ሰፈር አያልፉምና የላይኛውን የሚችል ሰው ይምጣ።

በየደጁ ቆመው ያንኳኩትን እኚህን እናት፣ አምላክ ዛሬ በሩን ሳያስጠብቅ ይክፈትላቸው። አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው።